ምጣድ አውርዱ፣ ሩጫው ሊጀመር ነው

አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶን ወርቅ ያገኘው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ደግሞ በዚያው ወር በ23፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት። መሃሉ 12 ቀን ብቻ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ከዚያ በፊት ሮም ላይ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእኛ ሰው ለዓውደ ዓመት በግ ሲጎትት በዋለበት ዕለት፣ አበበ በባዶ እግሩ እየሮጠ በችቦ ብርሃን ሲገባ አውሮፓ በቴሌቪዥን በቀጥታ እያየ ነበር። እኛ የሰማነው በሬዲዮና በጋዜጣ ነው። አገራችን በዓለም ፊት የቆመችባቸውን ታላላቅ ቀናት አባቶቻችን በጆሯቸው ነው የተቀበሏቸው፤ ዓይናቸው እንደጓጓ ቀረ።

ስለ ሯጮቻችን ብዙ ተጽፏል፣ ይገባቸዋልም። እኔ መጻፍ የምፈልገው ስለ ተመልካቹ ነው። ጉለሌ፣ ፓስተር አካባቢ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ነው የኖርኩት። ሰው ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት ሲያየው እኔ ከጀርባው ሆኜ ሰውን አያለሁ። ከዚያ ቦታ ያየሁትን የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው የተነሳሁት።

በልጅነቴ በእኛ መንደር ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አንድ ነበር። ባለቤቱ እትዬ የምንላቸው፣ ባላቸው የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ ሴት ናቸው። ዕቃው እግር አለው፤ ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋ ሁለት ተካፋች የእንጨት በር አለው፤ አናቱ ላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ተነጥፎበት፣ ዳንቴሉ ላይ የሠርግ ፎቶ ቆሟል። ሥርጭቱ ማታ ማታ ብቻ ስለነበር ልጆች ከራት በፊት እግራችንን ታጥበን በራቸው ላይ እንሰለፋለን። እግሩን ያልታጠበ አይገባም። ትልልቆቹ ሶፋና በርጩማ ላይ፣ እኛ መሬት፣ አራስ ካለች ከበሩ ራቅ ብላ ነፋስ በማያገኛት ቦታ ትቀመጣለች። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ራሱን ቀና ካደረገ ከኋላ ኩርኩም አለ። እትዬ ለዚህ ሁሉ ሰው ቡናና ቆሎ ሲያቀርቡ አንድም ቀን ፊታቸው ሲጠቁር አላየሁም። የቴሌቪዥኑን ዓመታዊ ግብር የሚከፍሉት እሳቸው፣ የሚያየው ሰፈር ነው። ዛሬ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ሲወራ ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

የሞስኮን ኦሊምፒክ ያየሁት ግን እሳቸው ቤት አይደለም፤ በቀበሌው አዳራሽ ነው። በ1972 ዓ.ም. ክረምት ጎረምሳ ነበርኩ፤ የአንድ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ረዳት ሆኜ መሣሪያ ማቀበል ጀምሬ ነበር። ሞስኮና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ስላሉ እነሱ ዘንድ ሲመሽ እኛም ዘንድ ይመሻል። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ መስኮት ላይ ሰው ተንጠልጥሏል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አረንጓዴውን ማሊያ ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ሁሉም ግራጫ ነው። ምሩፅ ይፍጠርን የምናውቀው በአጭር ቁመቱና በራሰ በራነቱ ነበር። «ያውና! ያውና!» ይላል ሰው ጣቱን እየቀሰረ። ከዚያ የመጨረሻው ዙር መጣ፤ 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩፅ ተፈተለከ። ማርሽ ቀያሪው የሚለው ስም ለምን እንደወጣለት ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁ። ሌሎቹ ቆመው የቀሩ ነው የሚመስሉት። 10,000 ሜትሩን ሐምሌ 20፣ 5,000 ሜትሩን ሐምሌ 25 ወሰደው፤ መሐመድ ከድር በ10,000፣ እሸቱ ቱራ በመሰናክል ነሐስ አገኙ። አዳራሹ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ሲተቃቀፉ ያየሁት በዚያ ዘመን ነው። ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቀይ ሽብር ያለፈው ገና በቅርብ ነው። በዚያ አዳራሽ ሰው ተጠርቶ ሲገባ በፍርሃት ነበር የሚገባው፤ ለምሩፅ ግን ወዶ ገባ።

ከዚያ በኋላ ረሃብ ሆነ። የዓይን ረሃብ ነው የምለው። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ሞንትሪያል በ1968 ዓ.ም. የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ ከአፍሪካ አገሮች ጋር አድመን ቀረን። ሎስ አንጀለስ በ1976 ከሶሻሊስቱ ወገን ጋር ሆነን ቀረን። ሴኡል በ1981 መስከረም ላይ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆመን ቀረን። ከሙኒክ እስከ ባርሴሎና 20 ዓመት ነው፤ በ20 ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያ የተሳተፈችበት ኦሊምፒክ ሞስኮ ብቻ ነው። በሙኒክ ዓመት የተወለደ ልጅ ባርሴሎና ሲደርስ 20 ዓመቱ ነው። የሞንትሪያሉን አድማ ምክንያት አከብራለሁ፤ አፓርታይድ ዝም የሚባል ነገር አልነበረም። የሁለቱን ግን እስከ ዛሬ ልቤ አልተቀበለውም። አንድ ሯጭ እግሩ የሚታዘዝለት ስንት ዓመት ነው? በዚያ መሃል ጉልበታቸው ያለፈ፣ ማንም ያላያቸው ልጆች እንደነበሩ አምናለሁ።

ያን ክፍተት የሞላው ኳስ ነው። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ባለ ቀለም ሥርጭት መጣና የቴሌቪዥን ነገር ሌላ ሆነ፤ ሣሩ አረንጓዴ ሆነ። በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባ ተደርጎ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት ስናሸንፍ የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በየቤቱ ነበር፤ የሰማው ሰው ዛሬም ያን ድምፅ ሲያስመስል ፀጉሩ ይቆማል። ከዚያም ጣሊያን 90 መጣ። ሰኔ 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ማታ ካሜሩን የማራዶናን አርጀንቲና 1 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ኦማም ቢይክ ዘልሎ በጭንቅላቱ የመታት ኳስ በረኛው እጅ ሥር ሾልካ ስትገባ፣ የእኛ ሰፈር የራሱ ቡድን ያገባ ያህል ነው የጮኸው። ካሜሩኖች ጨዋታውን የጨረሱት በ9 ሰው ነበር። ወቅቱ ወጣት የሚታፈስበት፣ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ በራፉን እያየ የሚያድርበት ነበር። ከካሜሩኑ ሚላ የጎል ጭፈራ በኋላ በሳቅ የተንፈራፈሩ ልጆች ውስጥ ከዚያ በኋላ ያላየኋቸው አሉ። የእንግሊዙን ጨዋታ፣ 3 ለ 2 የተሸነፍነውን፣ አሁንም «የተሸነፍነው» ብዬ ነው የምናገረው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ ይህን ካልነገርኩ የነገሩ ግማሽ ይቀራል።

ኦሊምፒክ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ለፈረንጅ በጋ ነው፤ ለእኛ የክረምቱ እምብርት። ለቴሌቪዥን ከዚያ የከፋ ወቅት የለም። አንቴናው የሚቆመው ከጣሪያ በላይ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ነው፤ ዝናብና ነፋስ ያጋድለዋል። ጠፍጣፋው የአንቴና ሽቦ ውሃ ሲጠጣ ምስሉ ይደበዝዛል። መብረቅ ሲመጣ ደግሞ ሽቦውን ነቅሎ መሸሽ ነው። ስለዚህ ሩጫ ባለ ቀን አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ መውጣቱ ግድ ነበር። ፊቱን ማሠራጫው ወዳለበት ወደ ፉሪ አዙሮ አጣናውን ይይዛል፤ ከቤት አንዱ በር ላይ ቆሞ ያስተላልፋል።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ግራ!»

«አሁንስ?»

«እሱ ላይ! እሱ ላይ ተወው! እንዳትነካው!»

ልጁ በዝናብ ውስጥ አጣናውን እንደያዘ ይቀራል፤ ለቀቅ ካደረገው ምስሉ ይሄዳላ። ሩጫውን ከቤቱ ጩኸት ነው የሚከታተለው። ሲወርድ ጋቢ ይደረብለታል፣ ትኩስ ሻይ ይሰጠዋል፣ መጨረሻውን ሦስት አራት ሰው ተሻምቶ ያወራለታል።

ሁለተኛው ጠላታችን የመብራት ኃይል ማነስ ነው። ማታ ላይ ሁሉም ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጅ ሲወርድ የድሮ ቴሌቪዥን ወዲያው አይጠፋም፤ ምስሉ ከዳርና ከዳር እየጠበበ ይሰበሰባል፤ ጥቁር ፍሬም ይሠራል። ስታቢላይዘር የነበረው ጥቂት ሰው ነው። በአንድ መስመር ላይ ካሉ ቤቶች አንዷ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከጣደች በሌላው ቤት ሯጮቹ ይቀጥናሉ። ይህን ለሰፈሩ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ፤ ሩጫ ሲቃረብ አንድ ልጅ በየግቢው እየሮጠ «ምጣድ አውርዱ! ሩጫው ሊጀመር ነው!» ይላል። እናቶች ያለ አንዳች ማጉረምረም ያወርዳሉ። ሊጥ ኩፍ ብሎ እየፈሰሰ ያወርዳሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በስቱትጋርቱ የዓለም ሻምፒዮና በ1985 ክረምት ሲሮጥ፣ ኬንያዊው ታኑይ ጫማው ከእግሩ ወልቆ በአንድ ጫማ ሲሸሽና ኃይሌ ሲደርስበት፣ ከኋላው እንጀራ ያልጋገሩ እናቶች እንደነበሩ ኃይሌ አያውቅም ይሆናል። እኔ ግን ከድሉ ቆጥሬ እሰጣቸዋለሁ።

ባርሴሎናን ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በሉና አስታውሱት፤ የፍልሰታ ጾም የገባበት ዓርብ። ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ፣ ጾሙን ፈትቶ፣ ማታ ተሰበሰበ። ያን ጊዜ የራሴ ሱቅ ነበረኝ፤ ሊወስዱት የመጡ ደንበኞች ትተውልኝ የሄዱትን አንድ ባለ 20 ኢንች መደርደሪያ ላይ ሰቅዬ በሩን ከፈትኩት። ሰው አስፋልቱን ሞላው። ደራርቱ ቱሉን ከዚያ በፊት በስም የሚያውቃት ጥቂት ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ትመራለች፤ ደራርቱ ከኋላዋ ተለጥፋለች፤ አትቀድም፣ አትቀርም። ዙር በዙር ያው ነው። ማየር ወደ ጎን እያለች ቅደሚኝ ትላታለች፤ ደራርቱ ዝም። አስፋልቱ ላይ የቆሙ አንድ አዛውንት «ተዋት፣ ልጅቷ የምታደርገውን ታውቃለች» ሲሉ እሰማለሁ። ደወሉ ሊደወል ሲል ወጣች። አንድ ጊዜ ከወጣች በኋላ የሚደርስባት አልነበረም። 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ።

ከሩጫው በኋላ የሆነውን ነው ግን ሰው የማይረሳው። ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ጥቁር አፍሪካዊት ሴት በኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ደቡብ አፍሪካም ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ነው። በሞንትሪያል ለዚያች አገር ጥቁሮች ብለን ቀርተን ነበር፤ በባርሴሎና የእኛ ልጅ የዚያችን አገር ነጭ ልጅ እጅ ይዛ ሮጠች። አዛውንቱ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። እኔም አልቻልኩም። ያን ምሽት ሰው ከሱቄ ደጃፍ ወደ ቤቱ የገባው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው።

አትላንታ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሐምሌ 21 ቀን 1988። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ፋጡማ ሮባ ብቻዋን ትሮጣለች። ማራቶን በቴሌቪዥን ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፋጡማ ግን ከሁሉም ርቃ ፊቷ ሳይለዋወጥ ስትሮጥ ለማየት አይሰለችም ነበር። 2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፤ ሁለተኛዋ የመጣችው ከ2 ደቂቃ በኋላ ነው። በማግስቱ ሌሊት ኃይሌ። የአሜሪካ ማታ የእኛ ሌሊት ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ መብራት አብርቶ አደረ፤ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሁሉም ሰው ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

እንግዲህ ሲድኒ። ስለ ሲድኒ ከጀመርኩ አላቆምም፤ ግን ሞክሬ ላሳጥረው። ያ ኦሊምፒክ የዋለው መስከረም ላይ ነው፤ ዝናብ የለም፣ አንቴና የሚይዝ ልጅ አያስፈልግም። መስከረም 15 ቀን 1993፣ ሰኞ፣ የደመራ ዋዜማ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ። ልጆች በየመንገዱ ችቦ ይሸጣሉ። ሥራ ያለው ሥራውን አቁሟል፤ ሱቄ ውስጥ ሊጠገኑ የመጡ ቴሌቪዥኖች ውስጥ የሚሠሩትን አራቱን በአንድ ላይ ከፈትኳቸው፤ አራት ኃይሌ፣ አራት ቴርጋት። ከ10,000 ሜትሩ 250 ሜትር ያህል ሲቀር ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ተነሳ። ያን ረጅም እግሩን ዘርግቶ ሲሄድ ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴት «አለቀ» አለች። ማንም አልመለሰላትም። በመጨረሻው ቀጥታ ኃይሌ ጥርሱን ነክሶ መጣ፤ መጣ፤ መስመሩ ላይ ደረቱን ሰጠ። ማን እንደቀደመ ያወቅነው በዝግታ ሲደግሙት ነው። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት በ12 መቶኛ ነው። 25 ዙር ተሮጦ ከ100 ሜትር ይልቅ የጠበበ ልዩነት! ከዚያ ደቂቃ በኋላ ሱቄ ውስጥ ሰው አልቀረም፤ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። ለነገው ደመራ የተገዛ ችቦ ዛሬ ተለኮሰ። ጎረቤቴ ጫማ ሠሪው ከእነ ሽርጡ፣ መዶሻውን በእጁ እንደያዘ ሲጨፍር አሁንም ይታየኛል። በዚያ ሳምንት ደራርቱ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ ሦስት ወርቅ ጨመሩ፤ የመስቀል በዓል ያን ዓመት እስከ 21 ቀጠለ ብል አልዋሸሁም።

ሲድኒ ለእኔ የሰፈር ቴሌቪዥን የመጨረሻው ትልቅ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሳተላይት ሳህን በየጣሪያው በቀለ፤ ዲኤስ ቲቪ የሚያሳዩ ቤቶች ተከፈቱ፤ ወጣቱ እየከፈለ የእንግሊዝ ኳስ ማየት ጀመረ። አልነቅፈውም፤ በዚያም ቤት ወዳጅነት አለ። የአቴንስን 10,000 ሜትር፣ ነሐሴ 14 ቀን 1996፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን በሕመም ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌን እየዞሩ ሲጠብቁት፣ ያየሁት እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ታላቅን ትቶ መሄድ የከበዳቸው ልጆች። ዞረው ባዩ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ያለው ጎረምሳ ሁሉ አብሮ ዞር ሊል ምንም አልቀረውም። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰ ነሐስ፣ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ፣ አገኘ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። አንድም ሰው ስለ አምስተኛነቱ ክፉ ቃል አልተናገረም።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሱቁን ዘግቻለሁ፤ ቀጭኑ ቴሌቪዥን ሲበላሽ ቦርድ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ፣ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሲሰብር በየቤታችን ነበርን። አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጩኸቱ አንድ ላይ አልመጣም። መጀመሪያ ከሁለተኛ ፎቅ፣ ቀጥሎ ከእኔ ቤት፣ ከዚያ ቆይቶ ከላይ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ከሳተላይት ነው የሚያየው፣ አንዱ በኢንተርኔት ስልኩ ላይ፣ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ መዘግየት አለው። እንደ ጠጋኝ ነገሩ ግልጽ ነው። እንደ ተመልካች ግን ከበደኝ፤ እኛ አብረን ነበር የምንጮኸው።

ስለዚህ በማግስቱ እሑድ፣ የሴቶች ማራቶን በሚሮጥበት ጠዋት፣ ከመሬት እስከ አራተኛ ፎቅ በር እያንኳኳሁ ጠራኋቸው። መጡ። ላይ ቤት ያለችው ወጣት ጀበናዋን ከነረከቦቱ ይዛ ወረደች፤ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ትዕግሥት አሰፋና ሲፋን ሐሰን መጨረሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፤ ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች። አዳማ የተወለደች፣ ለኔዘርላንድ የምትሮጥ ልጅ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ገፍታታለች ይላል፣ አንዱ መንገዱ ጠቦ ነው ይላል፤ አንዷ እናት «ሁለቱም የእኛው ናቸው፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል» ስትል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇ «ባንዲራው ግን የእኛ አይደለም» አላት። የኢትዮጵያ አቤቱታ ውድቅ መደረጉ ሲሰማ ክርክሩ እንደገና ተነሳ፤ አቦሉ አልቆ፣ ቶናው አልቆ፣ በረካው ላይም አልበረደም። ለቀጣዩ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማን ቤት እንደምንሰበሰብ ግን ያን ዕለት ተስማምተናል፤ ላይ ቤት ያለችው ልጅ ስክሪኗ ከእኔ ይበልጣል።